64 ዓመት መቆየት በራሱ ጥፋት አይደለም፦ ስለ ፍሬድ ሪሰር ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ስለ ፍሬድ ሪሰር ነው። ሪሰር በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት ምክር ቤት ከ1957 መጀመሪያ እስከ 2021 መጀመሪያ ድረስ ያገለገሉ ዴሞክራት ናቸው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ ታሪክ የእሳቸውን ያህል የቆየ የግዛት ሕግ አውጪ የለም።

የጽሑፉ መልእክት ባጭሩ ይህ ነው። ሪሰር ወንበሩን ከአባታቸው ወረሱ። ከዚያ 64 ዓመት ሙጭጭ አሉበት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከሲጋራ ክልከላ በቀር ስማቸው የሚነሳበት ሥራ የለም። በ2011 ደግሞ ድምፅ መስጠት ሲገባቸው ሥራቸውን ጥለው ጎረቤት ግዛት ሄደው ተደበቁ። ስለዚህ ፈረንጅም እንደ እኛ መሪዎች ሥልጣን አይለቅም፤ መድኃኒቱም የሥልጣን ዘመን ገደብ ብቻ ነው።

ጸሐፊው ከልባቸው እንደጻፉት ያስታውቃል። እኔ ግን አልስማማም። ነገሩ የአንድ የዊስኮንሲን ሽማግሌ ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ ባለፍኩት ነበር። እኛ ግን ከሥልጣን አልወርድ ያሉ ገዢዎችን እያየን ያደግን ሰዎች ነን። ብዙ የቆየ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለናል። ይህ ይጎዳናል። አዛዡን ሰው አዛዡን ከሚቆጣጠረው ሰው መለየት ካቃተን፣ ነገ የራሳችን ምክር ቤት ውስጥ ጠንካራ ሰው ቢነሳ እንኳ አናውቀውም።

ከዋናው ክስ ልጀምር። ሪሰር አንድም ቀን ገዢ ሆነው አያውቁም። ጦር አላዘዙም፣ ፖሊስ አላሰማሩም፣ ሚኒስትር አልሾሙም። የዊስኮንሲን ሴኔት 33 አባላት አሉት፤ እሳቸው ከ33ቱ አንድ ድምፅ ነበሩ። በታችኛው ምክር ቤት ሳሉ በየ2 ዓመቱ፣ ሴኔት ከገቡ በኋላ በየ4 ዓመቱ መራጭ ፊት ይቀርቡ ነበር። በእሳቸው ዘመን 13 አገረ ገዢዎች ተፈራርቀዋል። አንዳንዶቹ የፓርቲያቸው ሰዎች ነበሩ፣ አንዳንዶቹ ተቃዋሚዎቻቸው። የመፈረምና ያለመፈረም ሥልጣኑ ግን ሁልጊዜ የአገረ ገዢዎቹ ነበር።

አብላጫውም ሁልጊዜ በእጃቸው አልነበረም። ሴኔት የገቡት በ1962 ነው። ዴሞክራቶች ሴኔቱን ያሸነፉት ግን በ1974ቱ ምርጫ ነው። እስከዚያ ድረስ ሪሰር የሠሩት አናሳው ወገን ውስጥ ነው፤ ለተወሰኑ ዓመታትም መሪው ነበሩ። ከ1979 ጀምሮ በተለያዩ ጊዜያት የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ሲደመር ከ20 ዓመት ይበልጣል። በ2011 እንደገና ወደ አናሳው ወረዱ፤ ከጥቂት ወራት በቀር እስከ መጨረሻው እዚያው ቆዩ። በ80ዎቹና በ90ዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ፣ ትልቁን ወንበር ለረጅም ጊዜ የያዘ ሰው፣ ተራ አባል ሆኖ ያቀረበው ሐሳብ ሁሉ ሲወድቅበት አስር ዓመት ይቀመጣል? ሥልጣን የጠማው ሰው እንዲህ አያደርግም። ሥራውን የሚወድ ሰው ግን ያደርገዋል።

«ከአባታቸው ወረሱ» የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። ቤተሰቡ የፖለቲካ ቤተሰብ ነው። ቅድመ አያታቸው ክሌመንት ዋርነር በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ክንዳቸውን ያጡ ኮሎኔል ናቸው፤ በኋላም ሕግ አውጪ ሆነዋል። አያታቸው ኤርነስት ዋርነርም እዚያው ምክር ቤት ነበሩ። አባታቸው ፍሬድ ኢ. ሪሰር ከ1937 እስከ 1949 ሴናተር ነበሩ። ነገር ግን አባት ሴኔቱን በለቀቁበትና ልጅ በገቡበት ጊዜ መካከል 13 ዓመት አለ። ወንበሩ የተከፈተው ሆራስ ዊልኪ የተባሉት ሴናተር ወደ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለሄዱ ነው፤ ሪሰርም የገቡት በማሟያ ምርጫ ነው። ፓርቲውስ ቢሆን? አያት ሪፐብሊካን፣ አባት የፕሮግሬሲቭ ፓርቲ ሰው፣ ልጅ ዴሞክራት። የቤተሰብ ስም ጠቅሟቸዋል? አዎ፣ ሳይጠቅም አይቀርም፤ በተለይ መጀመሪያ ላይ። በ1956 የታችኛውን ምክር ቤት ሲያሸንፉ ግን በ1927 በግዛቱ ዋና ከተማ ማዲሰን የተወለዱ፣ ባሕር ኃይል ያገለገሉ፣ ኦሪጎን ሄደው ሕግ ያጠኑ ወጣት ጠበቃ ነበሩ። ጽሑፉ ይህን ሁሉ ዘሎ የአልጋ ወራሽ አድርጎ ነው የሳላቸው።

አሁን ወደ ሥራቸው እንምጣ። እዚህ ጋ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ጸሐፊው ቸኩለው ያለፉት እዚህ ነውና።

መጀመሪያ፣ «የሲጋራ ክልከላ ብቻ» የምትለዋ «ብቻ» አልገባችኝም። ዊስኮንሲን የመጠጥ ቤት አገር ናት። ሚልዋኪ በቢራ ፋብሪካዎቿ ስም ያወጣች የግዛቷ ከተማ ናት። እዚያ «ባር ውስጥ አታጭሱ» ብሎ ሕግ ማቅረብ ቀላል አይደለም፤ የባለ መጠጥ ቤቶቹ ማኅበር ኃይለኛ ነው። በቀደመው የምክር ቤት ዘመን ሐሳቡ ቀርቦ ወድቋል። ሪሰር በ2009 መልሰው አመጡት፤ በሴኔት በኩል የሕጉ አቅራቢ እሳቸው ነበሩ። አገረ ገዢ ጂም ዶይል በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ፈረሙበት፤ ሐምሌ 5 ቀን 2010 ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ቀን በኋላ የሬስቶራንት አስተናጋጇ፣ ቢራ ቀጂው፣ ወለል ጠራጊው፣ የሌላ ሰው ጭስ ሳይውጡ መሥራት ጀመሩ። አሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ስንቱ ሥራውን የጀመረው ምግብ ቤት ውስጥ ነው? ኢትዮጵያም በ2019 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በዝግ የሕዝብ ቦታዎች ማጨስን ከልክላለች። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የምሽት ቤት ገብቶ ያየ ሰው፣ እንዲህ ያለው ሕግ ወጥቶ እስኪከበር ምን ያህል ሰው መጎትጎት እንዳለበት ይገምታል።

ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው ጉዳይ ደግሞ አለ። እኔ ሪሰርን እንዳከብራቸው ያደረገኝ ይህኛው ነው።

የዊስኮንሲን አገረ ገዢ ከ1930 ጀምሮ ለየት ያለ ሥልጣን አለው። የበጀት ሕግ ሲቀርብለት ሙሉውን መቀበል ወይም መጣል ብቻ አይደለም፤ ከውስጡ ቆርጦ ማውጣት ይችላል። ከፊል ቪቶ ይሉታል። በሌሎች ግዛቶችም ተመሳሳይ ሥልጣን አለ፤ ዊስኮንሲን ላይ ግን ልኩን አለፈ። በ1980ዎቹ ሪፐብሊካኑ አገረ ገዢ ቶሚ ቶምፕሰን ፊደል በፊደል ይሰርዙ ነበር። ምክር ቤቱ የጻፈውን ቃል ወስደው ከመካከሉ ፊደሎች ይሰርዙና የተረፉት ፊደሎች ተገጣጥመው ሌላ ቃል ይሆናሉ። ምክር ቤቱ ያላሰበው፣ ያልተወያየበት፣ ያልመረጠው ነገር ሕግ ሆኖ ይወጣል።

ምክር ቤቱ ከሰሰ። በ1988 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለአገረ ገዢው ፈረደ። በዚህ አላበቃም። ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል በዊስኮንሲን ሐሳቡ በሁለት ተከታታይ ምክር ቤቶች ማለፍ አለበት፤ ከዚያ ሕዝብ ድምፅ ይሰጥበታል። በ1990 ይህ ሁሉ ተሟልቶ «ፊደል እየሰረዙ አዲስ ቃል መፍጠር ክልክል ነው» የሚል አንቀጽ ገባ።

ቶምፕሰን ግን ሌላ መንገድ አገኙ። ቁጥር ሰርዘው በምትኩ የራሳቸውን ዝቅ ያለ ቁጥር መጻፍ ጀመሩ። ለወጪ በተመደበ ገንዘብ ላይ ይህን ማድረግ እንደሚችሉ ፍርድ ቤቱ በ1995 ፈቀደ። ከዚያ ደግሞ ገንዘብ ያልተመደበበትን፣ ለትራንስፖርት የሚወጣ ቦንድ ጣሪያን የሚወስን ቁጥር ሰርዘው ሌላ ጻፉበት። ሪሰር በራሳቸው ስም ከሰሱ። ጉዳዩ «ሪሰር በክላውዘር ላይ» ይባላል፤ ክላውዘር የአገረ ገዢው የአስተዳደር መምሪያ ኃላፊ ነበሩ። በ1997 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለሪሰር ፈረደ፦ አገረ ገዢው የራሱን ቁጥር መጻፍ የሚችለው ለወጪ በተመደበ ገንዘብ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጪ አይችልም።

ይህ ደረቅ የሕግ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን የምክር ቤት አባል ሥራ ማለት ይሄ ነው። አንድ ጠንካራ መሪ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ሥልጣን ወደራሱ ሲስብ፣ የመጀመሪያውን ብልሃት የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። ቶምፕሰን 14 ዓመት አገረ ገዢ ነበሩ። ፊት ለፊታቸው በየ6 ዓመቱ የሚቀያየሩ አዳዲስ ሰዎች ብቻ ቢቀመጡ ኖሮ፣ በ1988 የሆነውን በ1997 ማን ያነሳው ነበር? የአገረ ገዢው ጠበቆች እንደሚያስታውሱት ጥርጥር የለኝም።

ነገሩ የፓርቲ ጉዳይም አይደለም። ዴሞክራቱ ዶይል በበኩላቸው ከተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ቃላት እየለቀሙ አዲስ ዓረፍተ ነገር የሚሠሩበት ቪቶ ነበራቸው። ያ በ2008 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተከለከለ፤ ማሻሻያው ሲያልፍ ሴኔቱ በዴሞክራቶች እጅ ነበር፣ ፕሬዚዳንቱም ሪሰር ነበሩ። እሳቸው ከወጡ በኋላስ? በ2023 ዴሞክራቱ አገረ ገዢ ቶኒ ኤቨርስ «2024-25» ከሚለው ዓመት ላይ አሃዞችና ሰረዝ አጥፍተው «2425» አደረጉት። የሁለት ዓመት የትምህርት ቤት ገንዘብ ጭማሪ የ400 ዓመት ሆነ። ፍርድ ቤቱ በ2025 በ4 ለ3 ድምፅ ይሁን አለ። ለትምህርት ቤት ገንዘብ መጨመሩን ልትደግፉት ትችላላችሁ። አንድ ሰው በእስክሪብቶ 400 ዓመት ሲወስን ግን ዝም ማለት ይከብዳል።

ሌላም ላንሳ። ዊስኮንሲን በ1849 የወጣ፣ ጽንስ ማቋረጥን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ነበራት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1973 ጽንስ ማቋረጥ መብት ነው ብሎ ከወሰነ በኋላ ሕጉ በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ። ሪሰር ግን «ይሰረዝ» እያሉ ደጋግመው ያቀርቡ ነበር፤ የሚሰማቸው አልነበረም። በ2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቀድሞውን ውሳኔ ሲሽር ያ የተረሳ ሕግ ነፍስ ዘራ፤ በግዛቱ ያሉ ክሊኒኮች አገልግሎቱን ከአንድ ዓመት በላይ አቆሙ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ እንደማይሠራ የወሰነው በ2025 ነው። በጉዳዩ ላይ አንባቢ የራሱ እምነት አለው፤ እዚህ አልከራከርም። የማነሳው አንድ የምክር ቤት አባል ሌላው የረሳውን ሕግ ለዓመታት ሲያስታውስ መኖሩን ነው። «የረባ ሥራ የለም» ከተባለ ይህ የት ይመደብ?

2011ን ደግሞ ጸሐፊው «ኮበለሉ» ብለው በአንድ ቃል ዘግተውታል። እስቲ የሆነውን እንየው።

በየካቲት 2011 አዲሱ አገረ ገዢ ስኮት ዎከር አንድ ሕግ አቀረቡ። የመንግሥት ሠራተኞች ለጡረታና ለጤና መድን የሚያዋጡትን ከፍ ያደርጋል። ችግሩ እሱ አልነበረም፤ የሠራተኛ ማኅበራቱ መዋጮውን እንቀበላለን ብለው ነበር። ችግሩ ሕጉ ከፖሊስና ከእሳት አደጋ ሠራተኞች በስተቀር የአብዛኛውን የመንግሥት ሠራተኛ የኅብረት ድርድር መብት ከመነሻ ደመወዝ በቀር ባዶ ማስቀረቱ ነው። የቀረበው የካቲት 11 ነው፤ የካቲት 17 ሴኔቱ ድምፅ ሊሰጥበት ነበር። ስድስት ቀን ማለት ነው። ዊስኮንሲን ለመንግሥት ሠራተኛ የመደራደር መብት በሕግ የሰጠች የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ግዛት ናት፤ ዓመቱ 1959 ነው። በ1959 ሪሰር ታችኛው ምክር ቤት ውስጥ ነበሩ። ሕጉ ሲወለድ የነበሩ ሰው፣ ከ52 ዓመት በኋላ በስድስት ቀን ሊፈርስ ሲል እዚያው ነበሩ።

ሪፐብሊካኖቹ 19 ነበሩ፣ ዴሞክራቶቹ 14። የገንዘብ ጉዳይ ያለበት ሕግ ላይ ድምፅ ለመስጠት የግዛቱ ሕገ መንግሥት 20 አባላት እንዲገኙ ያዛል። 14ቱም ድንበር ተሻግረው ኢሊኖይ ገቡ፤ የዊስኮንሲን ፖሊስ እዚያ ሄዶ ሊያመጣቸው አይችልም። ሪሰር ያኔ 83 ዓመታቸው ነበር። እስከ መጋቢት 12 አልተመለሱም።

ይህ ከሥራ መጥፋት ነው? ምልዓተ ጉባኤ የሚባለው ደንብ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የገባው፣ አብላጫው ብቻውን በግዛቱ ካዝና ላይ እንዳይወስን ነው። 14ቱ ጦር አላሰለፉም፤ ሕጉ የሰጣቸውን ብቸኛ መሣሪያ ተጠቀሙ። በእነዚያ ሳምንታት አስር ሺዎች በማዲሰን አደባባይ ወጡ፤ በምክር ቤቱ ሕንፃ ወለል ላይ ተኝተው ያደሩ ተማሪዎችና መምህራን ነበሩ። ሕዝቡ ሕጉ ምን እንደሚል ለማንበብ ጊዜ አገኘ። በመጨረሻ ሪፐብሊካኖቹ የገንዘቡን ክፍል አውጥተው የቀረውን መጋቢት 9 በ18 ለ1 አጸደቁት። ዎከር ከሁለት ቀን በኋላ ፈረሙ። 14ቱ ተሸነፉ ማለት ነው። ይህን አልደብቅም። በሌላ በኩል፣ አብላጫ ያለው ወገን የሚያቀርበውን ሁሉ አናሳው አዳራሽ ጥሎ በመውጣት የሚያቆም ከሆነ ምክር ቤት አይሠራም የሚል ክርክር አለ፤ ክርክሩ ክብደት አለው። ጸሐፊው ይህንን ቢያነሱ ኖሮ ቁም ነገር እንነጋገር ነበር። ፍርሃት አድርገው ማቅረባቸው ግን ውሃ አያነሳም። የፈራ ሰው በ83 ዓመቱ ክረምት ላይ ሆቴል ለሆቴል አይንከራተትም።

አንድ ነገር ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። የሪሰር ወንበር የማዲሰን ከተማ ወንበር ነው፤ ዴሞክራት የማይሸነፍበት ቦታ። ስለዚህ «ሕዝብ በየጊዜው መረጣቸው» ስል ምርጫው ሁልጊዜ ከባድ ፉክክር ነበረው ማለቴ አይደለም። በመጋቢት 2020፣ በ92 ዓመታቸው፣ ከእንግዲህ አልወዳደርም ሲሉ ወንበሩን ለመያዝ በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ሰባት ሰዎች ቀረቡ። ኬልዳ ሮይስ አሸነፉ። ሰባት ሰው ያህል ሲጠብቅ ነበር ማለት ነው፤ ከእነሱ ውስጥ ጎበዝ ወጣቶች ነበሩ። ሪሰር አሥር ዓመት ቀደም ብለው ቢወርዱ መልካም ነበር ብሎ የሚያምን ሰው ቢገጥመኝ አልጣላውም። ሆኖም የወጡት ተሸንፈው ወይም ተገደው አይደለም፤ እንደገና ቢወዳደሩ ማሸነፋቸውን የሚጠራጠር ብዙ ሰው አልነበረም።

የቀረው የሥልጣን ዘመን ገደብ ነው። ለአገረ ገዢና ለፕሬዚዳንት እኔም እደግፈዋለሁ፤ ትዕዛዝና ሹመት በእጁ ያለ ሰው ቀን ሊቆረጥለት ይገባል። ለሕግ አውጪ ሲሆን ግን ተሞክሮ ታይቷል። ካሊፎርኒያ በ1990፣ ሚሺጋን በ1992 በሕዝብ ድምፅ ገደብ አስገቡ፦ በታችኛው ምክር ቤት 6 ዓመት፣ በሴኔት 8 ዓመት። ምን ሆነ? አዲስ የገባው አባል የበጀቱን አሠራር ሳይለምድ መውጫው ይደርሳል። የሚቀጥለውን ወንበር ያማትራል። እውቀቱ ያለው ማን ጋ ነው? አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት ውስጥ ያሉ ቋሚ ሠራተኞችና ሎቢስቶቹ (ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት የሚከፈላቸው ሰዎች) ጋ። ጉዳዩን ያጠኑ የፖለቲካ ሳይንስ ሰዎች በተደጋጋሚ ያገኙት ይህንኑ ነው፦ ገደቡ ምክር ቤቱን አድክሞ አስፈጻሚውን ያበረታል። ሁለቱም ግዛቶች በኋላ ሕጋቸውን አላልተዋል፤ ካሊፎርኒያ በ2012፣ ሚሺጋን በ2022። አሁን አንድ ሰው 12 ዓመቱን በፈለገው ምክር ቤት መጨረስ ይችላል።

ወንበር የማይነቃነቅበትን ምክንያት መፈለግ ከሆነ ደግሞ ዊስኮንሲን ራሷ ታሳያለች። በ2011 ሪፐብሊካኖቹ የምርጫ ክልሎቹን ካርታ ለራሳቸው እንዲመች አድርገው ሣሉ። በ2018 ዴሞክራቶች ለታችኛው ምክር ቤት ከተሰጠው ድምፅ 53 በመቶ ያህል አግኝተው፣ ከ99 ወንበር የደረሳቸው 36 ብቻ ነበር። በታኅሣሥ 2023 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካርታውን ጣለው፤ በየካቲት 2024 አዲስ ካርታ ጸደቀ። በዚያው ዓመት ኅዳር ምርጫ ሪፐብሊካኖች አብላጫቸውን ባያጡም ዴሞክራቶች በታችኛው ምክር ቤት 10፣ በሴኔት 4 ወንበር ጨመሩ። ዊስኮንሲን ውስጥ ያኔም ሆነ ዛሬ ለሕግ አውጪ የዘመን ገደብ የለም።